ብርሃኑ ለምን ደበዘዘ? በድሬዳዋ ውኃን በብርሃናማ ባክቴሪያ ስንፈትሽ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አሊቪብሪዮ ፊሸሪ የባሕር ባክቴሪያ ነው። ጤናማ ሲሆን ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ መርዝ ሲነካው ይደበዝዛል። ድሬዳዋ ላይ ግን የሚያደበዝዘው መርዝ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስለ ጉድጓዱም ሆነ ስለ ደቻቱ ወንዝ ከመናገራችሁ በፊት ማነጻጸሪያውን፣ ማለትም ናሙና ያልተጨመረበትን፣ ባክቴሪያና ንጹሕ የጨው ውኃ ብቻ ያለበትን ብልቃጥ እዩ።

ማነጻጸሪያውም ከደበዘዘ፦ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ፈተናው የሚሠራው በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የከተማችን ከሰዓት በኋላ በቀላሉ ከ30 ያልፋል። ብልቃጦቹን ብቻ ሳይሆን ናሙናውንና የጨው ውኃውንም ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፤ ማለዳ መሥራት ይረዳል። ደረቁ ባክቴሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ይቀመጣል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ፣ በሊትር 2.2 ሚሊግራም ዚንክ ባለው ውኃ ፈትኑት። በ30 ደቂቃ ብርሃኑ ከ20 እስከ 80 በመቶ ካልቀነሰ ያንን ባክቴሪያ አትጠቀሙበት።

የቧንቧ ውኃ ብርሃኑን ወዲያው ካጠፋው፦ መጀመሪያ ክሎሪንን ጠርጥሩ። ክሎሪን የተጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ስለሆነ ይህን ውጤት ይዞ ቤተሰቦችን ማስደንገጥ ትልቅ በደል ነው። በጥቂት ሶዲየም ታዮሰልፌት አስወግዱት፤ ለማነጻጸሪያውም እኩል ጨምሩ።

የጉድጓድ ውኃ ሁሉ መርዛማ ከመሰለ፦ ጨው ረስታችሁ ይሆናል። የባሕር ፍጡር በጨው አልባ ውኃ ይጎዳል። ንጹሕ የላቦራቶሪ ጨው ተጠቅማችሁ 2 በመቶ አድርሱት። ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 8.5 ይሁን።

ጎርፍ ያመጣው ድፍርስ ውኃ ብርሃኑን ከቀነሰ፦ ደለሉ ብርሃኑን ጋርዶታል። አስቀምጡት ወይም በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ደለሉን በሚለይ መሣሪያ) አጥሩት። ከደለሉ ጋር የተጣበቀ መርዝ አብሮ እንደሚወጣ ግን በመዝገቡ ላይ ጻፉ።

በ5 ደቂቃ ምንም ሳይታይ በ30 ደቂቃ ከደበዘዘ ስህተት አይደለም፤ እንደ ዚንክ ያሉ ብረቶች ቀስ ብለው ይሠራሉ። በ5፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ አንብቡ።

ብርሃኑ ጨርሶ ካልቀነሰስ? እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ የናይትሬት ችግር እንዳለበት በጥናት ታይቷል፤ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሕፃናትን የሚጎዳውን የናይትሬት መጠን አይለይም፤ የሰገራ ብክለትንም አያሳይም። ከዚያው ጉድጓድ በዚያው ቀን ሁለት ተጨማሪ ናሙናዎች ቅዱ፤ አንዱን ለናይትሬት፣ ከጀርም በጸዳ (ስቴራይል) ጠርሙስ የተቀዳውን ሌላውን ለኮሊፎርም (የሰገራ ብክለትን ለሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች) ምርመራ ላኩ።