የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ላይ ሲቆራረጥ

ድሬዳዋ ከዚራ ላይ የተቀረጸ ሰርግ ነው፤ 4ኬ፣ ኤች.265 (የቪዲዮ ማመቂያ ስልት)፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 (ሁለቱም የቀለም መረጃውን ብዛት ይገልጻሉ)። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ በተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ሲጫወት ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቆማል።

ብዙ ጊዜ ዲስኩ ነው የሚታማው። እዚህ ግን ፋይሉ በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ ማለትም 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ተራ ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ይችለዋል። ጥፋቱ የኮዴኩ፣ ማለትም የማመቂያ ስልቱ ነው። ኤች.265 ሙሉ ምስል የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ በመሃል ያሉት ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) ለውጡን ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹም መፈታት አለባቸው። 4፡2፡2ን ብዙ ግራፊክስ ካርዶች ስለማያግዙ ሸክሙ ሲፒዩ ላይ ይወድቃል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ላፕቶፑ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

መፍትሄው ፕሮክሲ ሆነ፤ ለኤዲት ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ ነው። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ የፕሮክሲ መጠን ሃፍ፣ ፎርማቱ ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ። ከዚያ ሚዲያ ፑል ላይ ክሊፖቹን መርጦ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የአንድ ሰዓት ፕሮክሲ 16 ጊጋባይት አካባቢ ይበላል፤ ኦሪጅናሉ 45 ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ማሠራት ይሻላል። ሪንደር ሲደረግ (የመጨረሻው ቪዲዮ ሲወጣ) "ዩዝ ፕሮክሲ ሚዲያ" ምልክት እንዳይኖረው፤ ካለው ደንበኛው የደበዘዘ ቪዲዮ ይረከባል።

ለደንበኛው ሲገለበጥ ደግሞ ፍላሹ "ፋይሉ ትልቅ ነው" አለ፣ ባዶ ሆኖ ሳለ። ፍላሹ የተፎረመተበት ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ገባ (ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ ቀድሞ ማውጣት ነው)። ኤክስፋት ጆርናል (ሥራው ቢቋረጥ ለማስተካከል የሚረዳ የለውጥ መዝገብ) የለውም፤ እየገለበጠ መብራት ከሄደ ወይም ፍላሹ ኢጀክት ሳይደረግ ከተነቀለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።