የደረት ዕጢ ናሙና፦ ከየት ይወሰድ፣ በምን ይላክ

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ በሽተኛ ወደ አዲስ አበባ ስትልኩ ሪፈሩ ላይ «ለባዮፕሲ» (ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር) ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ቲቢ፣ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) እና ሌላ ካንሰር በሲቲ ስካን ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ የሚለያቸው ናሙናው ነው፤ ናሙናው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከተወሰደ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የአንገቱን ሥርና ብብቱን ዳስሱ። ያበጠ ንፍፊት ከተገኘ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ እሱን ማውጣት እያለ ደረት ውስጥ መግባት ምን ያደርጋል? ሳንባው ዙሪያ ውሃ ካለም ከውሃው ይጀመራል። ሁለቱም ከሌሉ መንገዱን የሚመርጠው የዕጢው ቦታ ነው። ከደረት ግድግዳ የተጠጋው በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየታየ በ18 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት ቁጥር) መርፌ ይወሰዳል። በአየር ቧንቧው ዙሪያ ላለ ንፍፊት ከደረት አጥንት አናት በላይ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ተቀድዶ ሚዲያስቲኖስኮፒ (የደረትን መሃል የሚያሳይ ቱቦ) ይገባል። መርፌ ያልደረሰበት ወይም መልስ ያጣበት ሲሆን በሽተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ በጎኑ ተኝቶ፣ የዚያኛው ወገን ሳንባ ሳይነፋ በሁለት ወይም በሦስት ቀዳዳ በካሜራ ይሠራል።

ሃይዳቲድ ሲስት (ትል የሚፈጥረው ከረጢት) የሚመስል ውሃ የቋጠረ ከረጢት በመርፌ አይነካም፤ ከፈሰሰ ከባድ አለርጂ ያስነሳል፣ የትሉንም ዘር ይበትናል። ያበጠ የደም ቧንቧም ዕጢ ሊመስል ስለሚችል ሲቲው በኮንትራስት (የደም ሥርን አጉልቶ በሚያሳይ መድኃኒት) ይሁን። በሚዲያስቲኖስኮፒ ከመቆረጡ በፊት በቀጭን መርፌ ይሳባል፤ ደም ከመጣ እጅ ይሰብሰብ።

በጀርባው ሲተኛ የሚታፈን ሰው ለብቻው ይታይ። ሙሉ ማደንዘዣ ጡንቻውን ሲያላላው ከፊት ያለው ዕጢ የአየር ቧንቧውን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ይወሰድለት። «ለትንፋሹ» ተብሎ ዴክሳሜታሶን (የስቴሮይድ መድኃኒት) መስጠትም ክፉ ልማድ ነው፤ ሊምፎማ ከሆነ በጥቂት ቀን ስለሚሟሽሽ ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት የሚያየው የሞተ ሥጋ ይሆናል። ሕይወቱ አስቸኳይ አደጋ ላይ ካልሆነ ናሙናው ይቅደም።

እንዳይደማ ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአሩ (የደም መርጋት መለኪያ) ከ1.5 ያልበለጠ ይሁን። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ በሐኪሙ ውሳኔ 5 ቀን ቀድሞ ይቆማል።

መሃሉ የሞተ ዕጢ ከጠርዙ ይወሰዳል፤ ቢያንስ 4 ቁራጭ ይውጣ። በመቆንጠጫ አትጭመቁት፤ የተጨፈለቀ ሴል አይነበብም። አብዛኛው ወዲያውኑ 10% ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፣ ፈሳሹም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። አንድ ቁራጭ ግን ፎርማሊን ሳይነካው በንጹሕ ዕቃ፣ በትንሽ ኖርማል ሳላይን ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) እና ለካልቸር (ጀርሙን ማሳደግ) ይላክ፤ ፎርማሊን የገባውን ካልቸር ማድረግ አይቻልም። የውሃ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ለስላሳ ሆኖ የገባው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ጠንክሮ በጠባቡ አንገት አይወጣም። የበሽተኛው ስምና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል።

ከመርፌው በኋላ የደረት ራጅ ይነሣ። ዋናው ስጋት ሳንባው ዙሪያ የሚገባ አየር ነው፤ ዘግይቶም ሊመጣ ስለሚችል ቤቱ ሱሉልታ የሆነ ሰው ያን ሌሊት ከተማ ቢያድር እንመርጣለን። በካሜራ የተሠራለት ግን የደረት ቱቦው እስኪወጣ ሆስፒታል ይቆያል።

ውጤቱ «እብጠት ብቻ» (የካንሰር ሴል አልታየም) ብሎ ከመጣና ሲቲው አሁንም ካንሰር ካስጠረጠረ በሽተኛውን አታሰናብቱት፤ ናሙናው እንደገና፣ በተሻለ መጠን ይወሰድ።