ትንኝን ከቤትና ከግቢ እንዴት መቆጣጠር ይቻላል፦ ሥራው ከውሃ በርሜሉ ይጀምራል

ትንኝ ወደ ቤታችን ስትገባ የምናያት አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ ስለሆነ ከሩቅ፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከረግረግ የመጣች ይመስለናል። ሞቃታማ በሆኑትና ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን ግን ብዙ ጊዜ የተወለደችው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ለመጠባበቂያ ብለን በሞላነው በርሜል ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ደርሶባታል፤ ሦስቱም በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። የ2022ቱ ወረርሽኝ የተያያዘው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው የወባ ትንኝ ጋር ነው፤ ይህች ከእስያ የመጣች ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ትራባለች። ስለዚህ ከጸረ ተባይ መርጫው በፊት የውሃ ዕቃዎቻችንን ማየት ይገባናል።

ከሁሉ አስቀድሞ በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን ይምረጡ። በሞቃት አየር እንቁላሉ ተጥሎ፣ ተፈልፍሎ፣ እጩ አድጎ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ያህል ይፈጃል፤ በየሳምንቱ ውሃውን የሚደፋና ዕቃውን የሚያጸዳ ሰው እጮቹ ሳይበሩ ይደርስባቸዋል፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚያጸዳው ግን አንድ ትውልድ ያመልጠዋል። ቀኑ ቅዳሜም ሆነ ሌላ፣ የማይለዋወጥና የቤተሰቡ አባላት ሁሉ የሚያውቁት ይሁን።

በዚያ ቀን ውሃ የያዘውን ነገር ሁሉ እየተመለከቱ ግቢውን ይዙሩ። ከበርሜሉ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ቀድተው ብርሃን ላይ ቢያዩት፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ እየተጠማዘዙ የሚዋኙ፣ ጥላ ሲያርፍባቸው ወደ ታች የሚሸሹ እጮችን ሊያገኙ ይችላሉ። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው የሚተኙት የወባ ትንኝ እጮች ናቸው፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት ደግሞ የሌሎቹ። የትኛዎቹም ቢሆኑ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ መድፋት ይገድላቸዋል፤ ወደ ቦይ መድፋት ግን መኖሪያ ከመቀየር ያለፈ ጥቅም የለውም።

በርሜሉን ባዶ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚያደርግ ቤተሰብ እንኳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ እንቁላሎቿን የምትለጥፈው ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሎቹም ያለ ውሃ ለወራት ቆይተው ውሃ ሲነካቸው ይፈለፈላሉ። ስለዚህ የቀረውን ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ወይም ለአትክልት ካዋሉት በኋላ የበርሜሉን ውስጥ በብሩሽና በሳሙና፣ በተለይ የውሃው ልክ ምልክት የተወበትን መስመር፣ በደንብ ይፈግፍጉት፤ ከዚያ አለቅልቀው ይሙሉት። ክዳኑ ጠርዙን ሁሉ የሚገጥም መሆን አለበት፤ በግማሹ ላይ የተጣለ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ክዳን አይባልም። ክዳን ከሌለ ክፍተት የሌለው ወፈር ያለ ጨርቅ ወጥረው በገመድ ይሰሩት፤ ረግቦ ውሃውን እንዳይነካ ግን ይጠንቀቁ። ሮቶን በየሳምንቱ ማጠብ ስለማይቻል ክዳኑ መገጠሙንና ትርፍ ውሃ የሚፈስበት ቱቦ በጥቅጥቅ ወንፊት መሸፈኑን ማየት ይበቃል።

ከበርሜሉ ቀጥሎ ትንንሾቹ ዕቃዎች ይታዩ። አሮጌ ጎማ፣ ጣሳ፣ ከአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ የዶሮ ውሃ ማጠጫ፣ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ፣ ሁሉም መራቢያ ይሆናሉ። የማያስፈልገውን ያስወግዱ፣ የሚያስፈልገውን ይድፉ፤ ጎማ መጣል ካልፈለጉ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት።

መሬት ላይ ለሚቋጥረው ውሃ፣ ለምሳሌ ለቧንቧው ሥር ኩሬና ጭቃ ለተቆፈረበት ጉድጓድ፣ አፈር መሙላት ወይም ማፋሰሻ መቅደድ ዘላቂው መፍትሔ ነው። በገጠር የወባ ጊዜ በእሸት በቆሎ ሲመካኝ እንሰማለን፤ በቆሎ መብላት ወባ አያመጣም፣ ነገር ግን ያበበ በቆሎ ብናኝ በአጠገቡ ያለ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ ለእጮቹ ምግብ እንደሚሆን በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በቆሎ በጓሮ የሚዘራ ሰው በማሳው ዙሪያ ያለውን ኩሬ አስቀድሞ ይድፈን። ሣር ማጨድ የትንኝ ማረፊያን ይቀንሳል እንጂ መራቢያዋን አያጠፋም፤ ጊዜ ካጠረዎት በርሜሉ ይቅደም።

ቆሻሻ ውሃ የምትወድ ሌላ ትንኝ በመጸዳጃ ጉድጓድ ትራባለች፤ የሽታ ማውጫውን ቱቦ አፍ በወንፊት ይሸፍኑ፣ የተሰነጠቀውን የጉድጓድ ክዳን በሲሚንቶ ይድፈኑ። ሊደፋም ሊከደንም የማይችል ውሃ፣ እንደ ቢርካ (መሬት ውስጥ የሚሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ) እና እንደ ግንባታ ጉድጓድ ያለው፣ ለዚሁ ሥራ የተፈቀደ የእጭ ማጥፊያ ስለሚያስፈልገው የአካባቢዎን ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ውሃውንና አፈሩን ስለሚበክል እባክዎ አያድርጉት።

ወደ ቤቱ ሲገቡ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይድፈኑ፣ መስኮቶችን ወንፊት ያልብሱ። አዲስ አጎበርን ከመጠቀምዎ በፊት ለ24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ያናፍሱት፤ ከሰቀሉ በኋላ ጠርዙን ዙሪያውን ከፍራሽ ሥር ይወትፉት። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፤ በረኪናና ፀሐይ መድኃኒቱን ያበላሹታል። ኤደስ በቀን ስለምትነክስ ቀን የሚተኛ ሕፃንም አጎበር ሥር ይተኛ። ግድግዳዎ በጤና ባለሙያዎች ኬሚካል ከተረጨ ለወራት አይለስኑት፣ ቀለምም አይቀቡት።

ትንኝ አጥር አያግዳትም፤ ጎረቤትዎ በርሜሉን ካልከደነ የእርስዎ ድካም ግማሹ ይባክናል፤ ስለዚህ የጽዳቱን ቀን ከጎረቤቶችዎ ጋር አንድ ያድርጉት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከቤተሰቡ አንዱን ትኩሳት ከያዘው፣ ባለፈው ጊዜ የተረፈውን መድኃኒት ከመስጠት ይልቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ወስዶ ደሙን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ ደንጊ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅም መድማትን ስለሚያባብሱ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጡት።