የራስን ልብ ወለድ ወደ ፊልም መውሰድ፦ ከሬይ ሎሪጋ መንገድ

ስፔናዊው ደራሲና የፊልም ዳይሬክተር ሬይ ሎሪጋ እ.ኤ.አ. በ1967 ማድሪድ ተወለደ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1992 አሳተመ፤ በ1995 ደግሞ «ካይዶስ ዴል ሲዬሎ» (ከሰማይ የወደቁ) ወጣለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ መጽሐፍ ራሱ ወደ ስክሪፕት ቀይሮ ራሱ ዳይሬክት አደረገው፤ ፊልሙ «ላ ፒስቶላ ዴ ሚ ኤርማኖ» (የወንድሜ ሽጉጥ) ይባላል። ታሪኩ ሰው ገድሎ ከአንዲት ልጅ ጋር ስለሚሸሽ ወጣት ነው። መጽሐፉን የሚተርከው ግን ታናሽ ወንድሙ ነው። ካሜራ ከሚሸሹት ጋር መጓዝ ይፈልጋል፤ የመጽሐፉ ውበት ያለው ደግሞ በተራኪው ድምፅ ላይ ነው። ደራሲ ዳይሬክተር ሲሆን ቀድሞ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ከመጀመርዎ በፊት መጽሐፍዎን በሁለት ቀለም ያስምሩ፤ የሚታየውንና የሚሰማውን በአንዱ፣ የሚታሰበውን በሌላው። ሁለተኛው ቀለም የሞላው ገጽ ገና ትዕይንት አይደለም። ለምሳሌ «ወንድሜን እፈራው ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ፍርሃቱን የሚያሳይ ድርጊት ይፈልጉለት፦ ልጁ የወንድሙን ኮቴ ሲሰማ መብራቱን ያጠፋል።

ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ የጀርባ ትረካ (ከምስሉ ጀርባ የሚሰማ የተራኪ ድምፅ) ይጨምርና ይገላገላል፤ የገዛ ዓረፍተ ነገርን መጣል ያማልና። መፈተኛው ቀላል ነው። ትረካውን ሸፍነው ትዕይንቱን ያንብቡ፤ ያለ እሱ ከገባ ትረካው ይውጣ። ካልገባም ስንፍናው የትዕይንቱ ነውና ትዕይንቱን እንደገና ይጻፉት።

ቀጥሎ ታሪኩን ከ40 እስከ 60 በሚሆኑ ካርዶች ላይ ያውርዱ፤ በአንድ ካርድ አንድ ትዕይንት። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ከ90 እስከ 110 ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያውን ረቂቅ መጽሐፉን ዘግተው፣ ከካርዶቹ ብቻ ይጻፉ። መጽሐፉ ክፍት ከሆነ ንግግሩን መገልበጥ ይመጣል፤ ለዓይን የተጻፈ ንግግር ደግሞ በተዋናይ አፍ ይረዝማል። ጮክ ብለው ሲያነቡት ትንፋሽ የሚያሳጥር መስመር ይቆረጥ።

ውሉንም አይርሱ። የስፔን የአእምሯዊ ንብረት ሕግ (1996) አንቀጽ 57 ለእያንዳንዱ የአጠቃቀም ዓይነት መብቱ በተለየ ሰነድ እንዲተላለፍ ያዛል። አንቀጽ 87 ደግሞ ዳይሬክተሩንም የስክሪፕት ጸሐፊውንም የፊልሙ ደራሲ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሁለቱን ሥራ የሚሠራ ሰው ድርሻዎቹን ለየብቻ ያስጽፍ።

ለሌላ ዳይሬክተር መጻፍም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሎሪጋ በ1997 በፔድሮ አልሞዶቫር «ካርኔ ትሬሙላ» ስክሪፕት ላይ ተሳትፏል፤ በ2004 የወጣውን የካርሎስ ሳውራን «ኤል ሴፕቲሞ ዲያ» ጽፏል። «ቴሬሳ፣ ኤል ኩዌርፖ ዴ ክሪስቶ»ን ዳይሬክት ያደረገው ከዚያ በኋላ፣ በ2007 ነው።