የብረት ፍለጋ ጌም ለምትሠሩ፦ ከሥዕሉ በፊት ድምፁን

ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ) ይዞ የተቀበረ ነገር ስለሚፈልግ ሰው ጌም የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከሜዳውና ከዛፉ ሥዕል በፊት ድምፁ ላይ ድከሙ። ተጫዋቹ መሬት ውስጥ ያለውን ስለማያይ ጨዋታው ጆሮው ላይ ነው ያለው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለሚስማር ወፍራም፣ ለብር ሳንቲም ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። የወርቅ ቀለበትና የጣሳ መጠጥ ሲከፈት የምትሳበው ትንሽ መክፈቻ ግን ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው የሚጮኹት። ይህችን ማምታቻ እንዳታጠፏት! ምን እንዳለ አስቀድሞ ከታወቀ መቆፈሩ የቀን ሥራ ይሆናል። ጥልቀት ሲጨምር ድምፁ ይድከም፤ ከግራም ከቀኝም ሲያልፉበት እኩል የሚጮኸው ተስፋ ይስጥ፣ የሚቆራረጠው የዛገ ብረት ያስጠርጥር።

ቁፋሮው ራሱ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል። ቆሻሻ ይብዛ፣ ግን ፍንጭ ይሁን፦ አዝራርና ሳንቲም አብረው የሚወጡበት ጥግ ድሮ ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ይጠቁም።

ቦታው እንግሊዝ ከሆነ ደግሞ ሕጉን ወደ ጨዋታው አስገቡት። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ውድ ቅርስ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ስታፎርድሻየር እርሻ ላይ በዲቴክተር ለተገኘው የተቀበረ ወርቅ የተሰጠው ሽልማት ለአግኚውና ለባለመሬቱ ተካፍሏል። ስለዚህ ከገበሬው ጋር የሚደረገው የፈቃድና የድርሻ ድርድር ለብቻው አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።