የቴከን የድብድብ ቪዲዮ ጌሞችን በራሳችሁ ደረጃ ለማውጣት

መጀመሪያ ሌላ ሰው ያወጣውን የደረጃ ዝርዝር አትዩ። ዋናዎቹን ጌሞች ብቻ ያዙ። ቴከን ታግ ቶርናመንት የሚባለው ለብቻው ይሁን፣ እሱ ላይ አንድ ተጫዋች ሁለት ካራክተር እየቀያየረ ስለሚጋጠም ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር አይመችም።

ዋናው መለኪያ እንቅስቃሴ ነው፣ ግራፊክስ አይደለም። በ1994ቱ የመጀመሪያው ቴከን እንደ ልብ ወደ ጎን መሸሽ የለም። ቴከን 3 ላይ ግን አቅጣጫውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነካ ስታደርጉ ማንኛውም ካራክተር ከምቱ መስመር ዞር ይላል፣ የተጋጣሚያችሁ ቡጢ አየር ይመታል፣ ጎኑ ደግሞ ለእናንተ ክፍት ይሆናል። ለእኔ አንደኛ ያደረገው ይሄ ነው።

ቴከን 4ን በችኮላ መጨረሻ አታድርጉት። ወጣ ገባ ወለሉ ያናድዳል፣ ጂን የሚባለው ካራክተርም ከልክ በላይ ጠንካራ ነው፤ ግን የመጋጠሚያ ቦታውን ግድግዳ ያመጣው ይሄ ጌም ነው፣ ቴከን 5 ወለሉን አስተካክሎ ግድግዳውን ይዞ ቀጠለ።

የ2024ቱ ቴከን 8 በሂት (Heat) ሲስተሙ፣ ማለትም ለጥቂት ሰከንዶች ጥቃትን በሚያጠናክረው ዘዴ፣ አጥቂውን ይሸልማል። መከላከል የምትወዱ ዝቅ ብታደርጉት አልፈርድባችሁም።

ሁለት ጌሞች እኩል ከሆኑባችሁ በሁለቱም ፖል የሚባለውን ካራክተር ይዛችሁ ተጫወቱ። እሱ ሁሉም ላይ ስላለ ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል።