ስካተር ፕሎት ስትሠሩ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የምትማረው። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፗን አንጠልጥላ ደሴ እኛ ቤት መጣች። አሳይመንቷ ሁለት ነገር ለክታ በኤክሴል ስካተር ፕሎት መሥራት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን ልኬት በአንድ ነጥብ አድርጎ ሁለቱ ነገሮች አብረው እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ሥዕል። አክስቴ ደሴ ሻይ ቤት ስላላት፣ ልጅቱ የጠዋቱን ሙቀትና የተሸጠውን ሻይ በብርጭቆ አስመዝግባለች። ኮምቦልቻም ግቢዋ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት እንዲሁ። «ጋሼ፣ ተበላሸብኝ» አለችኝ። አብሽሪ አልኳት። ያበላሸችው ሁሉ እኔም በጊዜዬ ያበላሸሁት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ላይን ቻርት፣ ማለትም የመስመር ሥዕል፣ መምረጧን ነው። ላይን ቻርት ከታች ያለውን ቁጥር እንደ ስም ይቆጥረዋል። 6፣ 7 እና 14 ዲግሪ እኩል ተራርቀው ይደረደራሉ፤ የአንድ ዲግሪ ልዩነትና የሰባት ዲግሪ ልዩነት አንድ ሆነው ቁጭ። ከላይ ኢንሰርት የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ስካተር የሚለውን፣ እሱም ነጥብ ብቻ ያለውን ምረጡ። መስመር ያለው ነጥቦቹን በመዝገቡ ቅደም ተከተል ስለሚያያይዛቸው የተተበተበ ክር ያስመስላቸዋል።

ስካተር ካደረግነው በኋላም አልተስተካከለም። ሙቀቱ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል። ይሄ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ነው። ሴሎቹን (ቁጥር የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች) አንድ በአንድ ስናይ አንዱ ላይ «9 ዲግሪ» ብላ ጽፋለች። ለኤክሴል ይሄ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሴል በሙቀቱ ኮለም (ወደ ታች የተደረደሩት ሴሎች) ውስጥ ከገባ፣ የኮለሙን ቁጥር በሙሉ ትቶ ተራ ቁጥር ይሰጣችኋል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ አሰላለፉን ካልነካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። «ዲግሪ» የሚለው ቦታው የኮለሙ ርዕስ ላይ ነው።

የቀን ነገር ደግሞ የኛው የራሳችን ጣጣ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌላቸው ጽሑፍ አድርጎ ያልፈዋል። ጳጉሜንማ አታንሱት። በኛ ቀን ከመዘገባችሁ ወይ ወደ ፈረንጅ ቀይሩት፣ ወይ ቀን 1፣ ቀን 2 እያላችሁ ቁጠሩ።

ኮለሞቹን ስትመርጡ ግራው አግድም፣ ቀኙ ሽቅብ እንደሚሄድ አትርሱ። ምክንያት ነው ያላችሁትን ግራ አድርጉት።

አሁን ነጥቦቹ አምረው ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ወረዱ። ልጅቱ ደስ አላት፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የሁለቱን ከተማ መዝገብ አንድ ላይ ከምራዋለች። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ስለዚህ የደሴ ነጥቦች ብርዱ ጋ፣ የኮምቦልቻዎቹ ሙቀቱ ጋ ተከማችተዋል። የአክስቴ ቤት ደግሞ መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ ድሮም ብዙ ይሸጣል፤ ቁልቁለቱ በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። በሁለት ቀለም ስንለያቸው ኮምቦልቻ ላይ ቁልቁለቱ ጠፋ፤ ዝም ብሎ የተበተነ ጤፍ ነው የሚመስለው። ደሴ ላይ ግን ትንሽ አለ። አንዱን ከተማ ከሌላው ሳትለዩ መስመር አታስምሩ።

ትሬንድላይን፣ ማለትም ኤክሴል በነጥቦቹ መሃል የሚያሰምረው መስመር፣ ሲባል ሁሉም ይቸኩላል። የእሷን መስመር ወደ ፊት ብታስረዝሙት 30 ዲግሪ ላይ የሚሸጠው ሻይ ከዜሮ በታች ይሆናል። ሰው የጠጣውን ሊመልስ ነው መቼስ! መስመሩ የሚያገለግለው ለለካችሁት ሙቀት ብቻ ነው።

በመጨረሻ የደሴዎቹን አምስት ነጥቦች ልትሰርዝ ማውሷን አነሳች። ብርድ ሆኖ ሳለ ሽያጩ ወለሉ ላይ ነው። «ስህተት ነው የሚሆነው» አለች። ለአክስቴ ደወልን። ቀኖቹን ስንነግራት ሳቀች። «ረመዳን ገብቶ ነዋ! በጠዋት ማን ሻይ ይጠጣል?» አለችን። ነጥቦቹን አልሰረዝናቸውም፤ ሦስተኛ ቀለም ሰጠናቸው።